ጨው በያዘ ማሳ ላይ ላለ የመስኖ ስንዴ ዚንክ መርጨት ይጠቅማል?

ጠያቂ፦ የቦርከና ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከኮምቦልቻ ሲሆን ጥያቄዬ ስለ አባቴ የስንዴ ማሳ ነው። አባቴ ወደ ሐርቡ ሲወረድ ባለው ሜዳ ላይ አንድ ሄክታር ገደማ የሚሆን ዋልካ መሬት አለው። በክረምት ማሽላ ወይም ማሾ ይዘራበታል፤ ላለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ በበጋ ከእጅ ጉድጓድ በፓምፕ ውሃ እየሳብን የመስኖ ስንዴ እናለማበታለን። ዘንድሮ ካካባ የተባለውን ዝርያ ኅዳር 6 ቀን በመስመር ዘርተን፣ ከዘሩ ጋር አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ጨምረን፣ ዩሪያውን ለሁለት ከፍለን የመጀመሪያውን ግማሽ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ሰጥተነዋል። የላይኛው የማሳው ክፍል የሚያስደስት ነው።

የሚያሳስበን ውሃ የሚያቁርበት የታችኛው ጫፍ ነው፤ ስፋቱ ሩብ ሄክታር ይሆናል። መስኖ ካጠጣን ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ፣ ማለዳ ላይ ሲታይ፣ የቦዩ ትከሻ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ነጩን ነገር በምላሴ ቀምሼው ጨው ጨው ይላል፣ ትንሽም ይመራል። በዚያ በኩል አንዳንዱ ቦታ ጭራሽ አልበቀለም፤ የበቀለውም ከላይኛው ጋር ሲነጻጸር ቁመቱ ግማሽ አይሞላም። ቅጠሉን ቀርቤ ስመለከተው በመካከለኞቹ ቅጠሎች ላይ፣ ከመሐል አጥንቱ ግራና ቀኝ፣ ነጣ ያለ መስመር ወጥቷል፤ ከዚያም የቅጠሉ ወገብ እንደተቃጠለ ሆኖ እዚያው ላይ ይታጠፋል፤ የቅጠሉ ሥርና ጫፍ ግን ገና አረንጓዴ ነው። አባቴ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ መስሎት ነበር፤ እኔ ግን በጣቴ ደጋግሜ ስዳብሰው ቢጫም ሆነ ቀይ ዱቄት አልነካኝም።

ከተማ ውስጥ የእርሻ ግብዓት ከሚሸጥበት ሱቅ ዚንክ፣ ብረት፣ ማንጋኒዝና ቦሮን በአንድ ላይ የያዘ፣ በቅጠል ላይ የሚረጭ ፈሳሽ ማዳበሪያ እንድገዛ ተመከርሁ። ዋጋው ለእኛ ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለው ማዳበሪያ ጨው ባለበት መሬት ላይ በእውነት ይሠራል? የሚሠራ ከሆነስ ሁሉንም የያዘውን ልግዛ ወይስ ዚንክ ብቻ ይበቃል? በአፈር ላይ ይበተን ወይስ በቅጠል ላይ ይረጭ? ልምድ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የጨፋ ገበሬ

ወንድሜ፣ አባትህን ሰላም በልልኝ። የገለጽኸውን ቅጠል በዓይኔ ያየሁት ያህል ነው የሆነልኝ፤ በእኔም ማሳ ላይ ይኸው ነበር። እንደ እኔ ገንዘብህን በከንቱ እንዳታወጣ ብዬ የደረሰብኝን ልንገርህ።

በመጀመሪያው ዓመት ዚንክ ሰልፌት ገዝቼ፣ ስንዴው ከበቀለ በኋላ በጨዋማው ቦታ ላይ እንደ ዩሪያ በተንሁት። ምንም ለውጥ አላመጣም። በሁለተኛው ዓመት በጀርባ መርጫ ልርጭ ብዬ በ16 ሊትር ውሃ ሁለት መቶ ግራም ገደማ በጥብጬ፣ ያውም ፀሐይ በጠነከረችበት በስድስት ሰዓት ረጨሁት። በማግስቱ የቅጠሉ ጫፍ በሙሉ እሳት የነካው መሰለ። ያን ጊዜ መጠኑን የነገረኝ ሻጭ የአቅሙን ነው የነገረኝ፤ እኔ ግን አንድ መደብ ላይ ሞክሬ ሁለት ቀን ብጠብቅ ኖሮ ማሳውን በሙሉ ባላቃጠልሁ ነበር።

ለውጥ ያየሁት በሦስተኛው ዓመት ነው። አስቀድሜ በታችኛው ጫፍ ጉልበት የሚደርስ የማጠንፈፊያ ቦይ ቆፈርሁ፤ የክረምቱ ዝናብ አፈሩን አጥቦ በዚያ እንዲወጣ ማለት ነው። ከዚያ በበጋው በቀጭኑ በጥብጬ፣ ሲያቆጠቁጥ አንድ ጊዜ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም አንድ ጊዜ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ረጨሁት። ሦስት ሜትር ስፋት ያለው አንድ መስመር ሆን ብዬ ሳልረጭ ተውሁ። በአሥረኛው ቀን ያልተረጨው መስመር ከመንገድ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው እንኳ ይለይ ነበር፤ የተረጨው ጠቆር ብሎ አረንጓዴ ሆነ፣ አዲስ የወጣውም ቅጠል ያ የነጣ መስመር አልነበረበትም። ነጭ ቅርፊት የያዘው ራሰ በራ ቦታ ግን ራሰ በራ እንደሆነ ቀረ። ያልበቀለ ተክል ምን ቅጠል አለውና ይረጫል?

መልስ፦ ከደጋ

እኔ ከደሴ በላይ ደጋ ላይ ነው የማርሰው። በእኛ ቀበሌ ስንዴና ገብስ ቢጫ እየሆነ ሲያስቸግረን ቆይቶ፣ የግብርና ባለሙያዎች ኖራ በትኑ ብለውን ከበተንን ወዲህ ልዩነቱ በግልጽ ታይቷል። ምናልባት የእናንተም አፈር ኖራ ጎድሎት ይሆናል። ኖራ ከማዳበሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ስለሆነ እሱን ብትሞክሩ ምን ይመስላችኋል?

መልስ፦ አፈር መርማሪ

በአፈር ምርመራ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆየሁ ስሆን፣ ጠያቂው ወንድማችን ምልክቱን እንዲህ በጥንቃቄ አይተው መጻፋቸው መልሱን በእጅጉ አቅልሎልኛል።

ከኖራው ልጀምር፤ ስህተት ከተሠራ የሚከብደው እሱ ነውና። ከደጋ የጻፉት ወንድማችን ያዩት ውጤት እውነት ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ዝናብ ያጠበው የደጋ አፈር ኮምጣጣ ይሆናል፣ ኖራም ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል። የቆላና የወይና ደጋ ጨዋማ ሜዳ ግን የዚያ ተቃራኒ ነው። ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያ ቁጥሩ፤ ከፍ ባለ ቁጥር ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል) አብዛኛውን ጊዜ ከ7.5 በላይ ነው፣ ኖራ የሚባለውም ነገር በተፈጥሮው ሞልቶበታል። እዚያ ላይ ኖራ መጨመር ዚንኩንና ብረቱን ይበልጥ ከማሰር በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። ስለዚህ እባክዎ በዚህ ማሳ ላይ ኖራ አይበትኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጨው ያለበት አፈር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው በሚሟሟ ጨው ብቻ የተጎዳ አፈር ነው፤ በላቦራቶሪ ሲለካ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ (የጨው ልኬት የምንለው) በሜትር ከ4 ዴሲ ሲመንስ ይበልጣል፣ ፒኤቹ ከ8.5 አይዘልም። ይህ ማሳ በጥሩ ውሃ ከታጠበና ውሃው መውጫ ካገኘ ይድናል። ሁለተኛው ሶዲየም የተቆጣጠረው አፈር ነው፤ በአፈሩ ቅንጣት ላይ ከተያያዙት ንጥረ ነገሮች ከ15 በመቶ በላይ የሚሆነው ሶዲየም ነው፣ ፒኤቹም ብዙ ጊዜ ከ8.5 ያልፋል። ይህኛው ሲረጥብ ይላቁጣል፣ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፣ ውሃ አያሰርግም፤ በውሃ ብቻ ማጠብም ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። ሦስተኛው ሁለቱን በአንድ ላይ የያዘ ነው።

ስንዴ ጨውን በመጠኑ ይችላል። በአፈሩ የጨው ልኬት እስከ 6 ዴሲ ሲመንስ ድረስ ምርቱ ብዙም አይነካም፤ ከዚያ በላይ ግን በእያንዳንዱ ተጨማሪ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ልኬቱ 10 የሆነ ማሳ ከሩብ በላይ ምርቱን አጥቷል ማለት ነው። በሚበቅልበት ጊዜ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ስስ ስለሆነ፣ ያዩት ራሰ በራ ቦታ ከንጥረ ነገር እጥረት ሳይሆን በቀጥታ ከጨው የመጣ ይመስለኛል።

የቅጠሉ ነገር ግን ሌላ ነው። በመካከለኞቹ ቅጠሎች ላይ ከመሐል አጥንቱ ጎንና ጎን መንጣት፣ ከዚያም ወገቡ ላይ ተቃጥሎ መታጠፍ የስንዴ የዚንክ እጥረት መለያ ነው። የናይትሮጅን እጥረት ቢሆን ከታች ካለው አሮጌ ቅጠል ጫፍ ጀምሮ ቢጫ ይሆን ነበር፤ የብረት እጥረት ቢሆን ገና የወጣው ለጋ ቅጠል ደም ሥሮቹ አረንጓዴ ሆነው መሐል መሐሉ ይነጣ ነበር፤ የጨው ቃጠሎ ደግሞ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይገባል። ፒኤች በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር በአፈሩ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ዚንክ መቶ እጥፍ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ዚንኩ በአፈሩ ውስጥ ቢኖርም እንኳ ሥሩ አያገኘውም። የጨፋው ወንድማችን ላይ ላዩን የበተኑት ዚንክ ያልሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዚንክ በአፈር ውስጥ እንደ ዩሪያ አይጓዝም፣ በወደቀበት ይታሰራል። በአፈር ላይ መስጠት የሚፈልግ ሰው ከመዝራቱ በፊት በትኖ፣ በደንብ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ቢቻል፣ በእርሻ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት። የተለመደው መጠን 21 በመቶ ዚንክ ያለው ዚንክ ሰልፌት በሄክታር 25 ኪሎ ነው፤ አንዴ ከተሰጠም ለሁለትና ለሦስት ምርት ይቆያል። ፎስፈረስ ከበዛበት ማዳበሪያ ጋር በአንድ መስመር ውስጥ አይግባ፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይተሳሰራሉ።

ዚንክ ጨዋማ መሬት ላይ የሚሰጠው ጥቅም ተክሉን መመገብ ብቻ አይደለም። ዚንክ የተራበ ሥር የሴሉ ሽፋን ይሳሳል፣ ሶዲየምም እንደልቡ ይገባበታል። ዚንኩን ያገኘ ሥር ሶዲየሙን በተሻለ ይከላከላል፣ ፖታሲየሙን ይይዛል። ስለዚህ መርጨቱ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም በአፈሩ ውስጥ ካለው ጨው አንዲት ቅንጣት አይቀንስም፤ ይህን ከአሁኑ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለ ድብልቁ ፈሳሽ የምለው አለኝ። ቦሮን ስላለበት አልመክርም። ጨው በተጠራቀመበት ዝቅተኛ ሜዳ፣ በተለይ ከጉድጓድ ውሃ በሚጠጣ ማሳ፣ ቦሮን ከሚገባው በላይ ሊኖር ይችላል። ስንዴ ደግሞ ቦሮን ሲበዛበት ቶሎ ከሚጎዱት ሰብሎች አንዱ ነው፤ ለተክሉ በሚያስፈልገውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት በጣም ጠባብ ነው። ሳይመረመር ቦሮን አይጨመርም። ብረቱም ቢሆን፣ በጠርሙሱ ላይ ኢዲቲኤ (ብረቱን አቅፎ የሚይዝ ውህድ) የሚል ከሆነ፣ በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ቢፈስ ቶሎ ይፈታና ዋጋ ያጣል፤ ፒኤቹ ከፍ ባለ አፈር ውስጥ የሚጸናው ኢዲዲኤችኤ የሚባለው ነው፣ እሱ ደግሞ ለስንዴ ዋጋው አይቀመስም። ለጋ ቅጠሎቹ ካልነጡ ብረቱን ለአሁኑ ይተዉት።

አሁን ሁለት ነገር ቤት ውስጥ ይሞክሩልኝና ውጤቱን ይጻፉልኝ። ከጥሩው ቦታና ከመጥፎው ቦታ ባቄላ የሚያህል ደረቅ የአፈር ጓል ለየብቻ ያምጡ። በሁለት ጥርት ባሉ ብርጭቆዎች የዝናብ ውሃ ወይም ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ያድርጉ፤ የጉድጓድ ውሃ አይሆንም። ጓሎቹን ቀስ ብለው ያስገቡ፣ ሳይነቀንቁ እስከ ማግስት ይተዉአቸው። ሁለተኛው፣ በደረቅ አፈሩ ላይ ሎሚ ጭመቁበትና አረፋ ያወጣ እንደሆነ ይመልከቱ።

ጠያቂ፦ የቦርከና ልጅ

አፈር መርማሪዋ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የጨፋውም ወንድሜ እንዲሁ። የታዘዝሁትን አድርጌያለሁ። የላይኛው ማሳ ጓል ተበትኖ ታች ተቀምጧል፣ ውሃው ግን ጥርት ብሎ አደረ። የታችኛው ጓል ዙሪያውን ወተት የፈሰሰበት የመሰለ ጉም ሠርቶ፣ ጠዋት ሳየው ብርጭቆው በሙሉ ቡና በወተት መስሏል። ሎሚ ስጨምቅበት ሁለቱም አረፋ አውጥተዋል፤ የታችኛው ግን የሲሲታ ድምፁ ጭምር ይሰማል። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ነበር፤ ያ ቦታ በአያቴ ጊዜ ጭቃው በሬ ይይዝ እንደነበር፣ ከበልግ ዝናብ በኋላም ውሃው ለሳምንት እንደሚቆም የነገረኝ አሁን ነው።

ይህ ከሆነ ዘንድሮ ምን ላድርግ? ከክረምቱ በፊትስ ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ የጨፋ ገበሬ

ውሃው ለሳምንት የሚቆም ከሆነ ቦዩን እስከ ክረምት አታቆየው። አሁን ደረቅ ሳለ ቆፍረው፤ ሰኔ ላይ ዋልካ በአካፋ አይነሳም። ዝቅታው ወደ ጎረቤት ማሳ የሚሄድ ከሆነ አስቀድመህ ባለ ማሳውን አነጋግር፤ የእኔ ቦይ የተቆፈረው ሦስት ጎረቤታሞች ተስማምተን አንድ መውጫ ስላደረግን ነው። ለብቻዬ ቢሆን ኖሮ ጨዋማውን ውሃ በሰው መሬት ላይ መልቀቄ ነበር።

መልስ፦ አፈር መርማሪ

ውሃው ማግስት ድረስ ደፍርሶ ማደሩ የታችኛው ቦታ ሶዲየም እንዳለበት ያሳያል፤ አረፋውም አፈሩ ካርቦኔት፣ ማለትም ያን የተፈጥሮ ኖራ፣ በብዛት እንደያዘ ነው የሚያሳየው። ዚንኩ ለምን እንደታሰረ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገንም፤ መጠኑን ለማወቅ ግን ላቦራቶሪ የግድ ነው።

ለዘንድሮው ስንዴ እንዲህ ያድርጉ። ዚንክ ሰልፌት ብቻውን ይግዙ፤ ከረጢቱ ላይ የዚንኩ መቶኛ 21 ነው ወይስ 33 የሚለውን አንብበው ይለዩ። 21 ከሆነ በ16 ሊትር መርጫ 80 ግራም፣ 33 ከሆነ 50 ግራም ይበቃል። ብጥብጡ ቅጠል እንዳያቃጥል 40 ግራም የጠፋ ኖራ በሌላ ዕቃ በጥቂት ውሃ በጥብጠው፣ በሻሽ አጥልለው፣ ንጹሑን ውሃ ብቻ በመርጫው ውስጥ ይጨምሩ። አፈር ላይ ኖራ አይበተን ያልሁት እንዳለ ነው፤ ይህኛው የብጥብጡን ኮምጣጣነት የሚያበርድ ቁንጥር እንጂ የአፈር ኖራ አይደለም። ለሩብ ሄክታሩ ሰባት መርጫ ያህል ይፈጃል፤ ይህም 21 በመቶ ከሆነው ዚንክ ሰልፌት ለአንድ ዙር ከ600 ግራም የማይበልጥ ነው። የጨፋው ወንድማችን እንዳሉት አስቀድመው በአንድ መደብ ላይ ሞክረው ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ ከዚያ ፀሐይ ሲበርድ ይርጩ፣ ከ12 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይድገሙት። ለዋግ የሚረጭ ፀረ ፈንገስ ካለ በዚያው መርጫ አይቀላቅሉት። ሳይረጭ የሚቀር መስመርም ይተዉ፤ ሲታጨድ የሁለቱን ከእኩል ስፋት መዝነው ካላወዳደሩ የከርሞውን ወጪ በግምት ይወስናሉ።

ልጆች ያሉበት ቤት ስንዴውን ለራሱ የሚያስቀር ከሆነ ዛላው ከወጣ በኋላ፣ ፍሬው ወተት በሚይዝበት ጊዜ፣ አንድ ዙር መጨመር መልካም ነው። ምርቱን ብዙም ባያሳድግ በፍሬው ውስጥ ያለውን ዚንክ ይጨምራል፤ ይህም ዳቦውን ለሚበላው ልጅ ይደርሳል። በቱርክ የማዕከላዊ አናቶሊያ ስንዴ አብቃዮች እንደ እናንተ ባለ ካርቦኔት በበዛበት አፈር ላይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዚንክ መጠቀም የጀመሩት በምርቱ ምክንያት ነበር፤ የሰው ጤና ጉዳይ ግን ከዚያው ጋር አብሮ ተነስቷል።

ለክረምቱ የሚዘጋጀው ጀሶ ነው። በጀሶው ውስጥ ያለው ካልሲየም ሶዲየሙን ከአፈሩ ቅንጣት ላይ ያስለቅቀዋል፣ የክረምቱ ዝናብ ደግሞ የተለቀቀውን አጥቦ በቦዩ ያስወጣዋል። ቦይ ከሌለ ጀሶው ብቻውን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ስለዚህ የጨፋው ወንድማችን ቦዩን ማስቀደማቸው ትክክል ነው። የጀሶው መጠን በምርመራው ውጤት ይወሰናል፤ በ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በኪሎ አፈር ለሚቀነሰው ለእያንዳንዱ ሴንቲሞል (ላቦራቶሪው ውጤቱን የሚጽፍበት መለኪያ) ሶዲየም በሄክታር ሁለት ቶን ያህል ንጹሕ ጀሶ ያስፈልጋል። ከሐምሌው ዝናብ በፊት በትነው ከላይኛው አፈር ጋር ይቀላቅሉት።

የጉድጓዱንም ውሃ አብረው ያስመርምሩ። ባይካርቦኔት የበዛበት ውሃ ከሆነ በየመስኖው አዲስ ሶዲየም እየጨመራችሁ ነው፤ ያን ጊዜ ጀሶው በየጊዜው የሚደገም ይሆናል። ከኮምቦልቻ ከተማ በታች ከቦርከና ወንዝ በቀጥታ የምትስቡ ጎረቤቶች ካላችሁ፣ የከተማውና የፋብሪካዎች ፍሳሽ ወደ ወንዙ ስለሚገባ፣ እናንተም ሳታስመረምሩ አትቀጥሉ።

ናሙናውን ወደ ደሴ የአፈር ላቦራቶሪ ሲልኩ ከላይኛውና ከታችኛው ማሳ ለየብቻ፣ ከእያንዳንዱ ከአሥር ቦታ በላይ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍረው፣ ቀላቅለው አንድ ኪሎ ያህል ይያዙ። ፒኤች፣ የጨው ልኬት፣ ተለዋዋጭ ሶዲየም (በአፈሩ ቅንጣት ላይ የተያያዘው)፣ ዚንክና ቦሮን ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። አፈሩን ሲያጠራቅሙ ግን ነጩን የቆርቆሮ ባልዲ አይጠቀሙ፤ ባልዲው ራሱ በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ውጤቱን ያበላሸዋል። ንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ይሁን፣ ማድረቁም በጥላ ነው።